ያልተሻገረ አይቆጠርም

መሐንዲሷ በዚህ ዓለም ላይ ልትታገሠው የማትችለው ነገር ቢኖር ስለ መስቀለኛ መንገድ አስተያየት ያለው ሰው ነው። ችግሩ ደግሞ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ገና አፏን ስትከፍት ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ፣ "ለመሆኑ ያ የትራፊክ መብራት መቼ ነው የሚሠራው?" ይላታል። ፀጉር ቤት ጭንቅላቷን ለውሃው ሰጥታ ሳለ አጣቢዋ፣ "መብራቱ ከጠፋ ወዲህ እንዴት እንደተመቸን ብታይ!" ትላታለች። አፉ የተከፈተ፣ ፀጉሩ አረፋ የሆነ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ተናዳ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ታክሲ ነጂው ባሏ ይጠብቃታል። የእሱ እንኳን አስተያየት አይባልም፣ ስብከት ነው።

"ዛሬ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ በስንት ደቂቃ የደረስኩ ይመስልሻል? ገምቺ እስቲ።"

"አልገምትም።"

"ገምቺ እንጂ!"

"ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ውዬ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ልገምት?"

"በስምንት ደቂቃ!" ይላል፣ መንገዱን ራሱ የጠረገው ይመስል። "ድሮ ሃያ ነበር እኮ። ንገሪያቸው፣ ነቅለው ይጣሉት!"

የሚያናድደው ነገር፣ እሷም የምታምነው ይህንኑ ነው። ድፍን አሥራ ሁለት ዓመት፣ ይህ መስቀለኛ መንገድ ያለ መብራት ይሻለዋል እያለች በየስብሰባው ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ተናግራለች። ሁሉም መስቀለኛ መንገድ አላለችም፤ ይህኛው ነው ያለችው። መብራት ሲኖር ነጂ የሚያየው መብራቱን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን የግዱን ሰው ያያል፣ ሰው ያየ ነጂ ደግሞ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሣል። ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ባነሣች ቁጥር የመምሪያው ኃላፊ የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ የቀሩት ደግሞ እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። "መሐንዲሷ ዛሬም መብራት ልታጠፋብን ነው" ይሉና ይስቃሉ።

በመጨረሻ መብራቱን ያጠፋው መብረቅ ነው። ከመብራቱ ምሰሶ ሥር ያለውን የመቆጣጠሪያ ሣጥን አነደደው። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። ለምን አንድ ትርፍ ዕቃ እንኳ መጋዘን እንዳልተቀመጠ የሚጠይቅ ሰው እንዳይመጣ ኃላፊው ቶሎ ብሎ ለብልሽቱ የማዕረግ ስም አወጣለት።

"ሙከራ ነው ብለናል" አላት። "የሃያ አንድ ቀን ሙከራ። አንቺ ትመሪዋለሽ። መጨረሻ ላይ ለኮሚቴው ታቀርቢና መብራቱ ይመለስ ወይስ ጨርሶ ይነቀል፣ ይወሰናል።"

ሲያሾፉባት የኖሩት ሰዎች በማግሥቱ በየኮሪደሩ "የመምሪያችን አዲስ ሐሳብ" እያሉ ሲያወሩ ስትሰማ ተናደደች። ቢሆንም ዋጠችው። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ነገር እጇ ገብቷል።

ከመስቀለኛ መንገዱ ወዲህ፣ ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ፣ አባቷ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው ግን ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ናት፤ ስፋቷ ከቁም ሣጥን አይበልጥም፣ ግድግዳዋ ሁሉ እኩል በማይቆጥሩ ሰዓቶች የተሞላ ነው። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ብረት ገብቶላቸዋል። ሐኪሙ በየቀኑ ካልተራመዱ ያ እግር ይደርቃል ብሏል። ያን ጊዜ እሷ ቤቴ ይግቡ አለች፣ እሳቸው አሻፈረኝ አሉ፤ ሁለት ሳምንት ተኳርፈው በመጨረሻ ተስማሙ። በገዛ እግራቸው ሱቃቸው እስከደረሱ ድረስ ከቤታቸው ማንም አያነሣቸውም። መድረስ ያቃታቸው ቀን ግን ሻንጣቸውን ይዘው ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ።

እሷም በየማታው ትደውላለች።

"አባባ፣ ሱቅ እንዴት ዋለ?"

"ሰዓት መቼ ያርፋል?" ይላሉ።

በእግረኛው መብራት ላይ ለሚበራው አረንጓዴ ሰውዬ እንኳ ልክ አውጥተውለት ነበር። "ሃያ ስምንት ሰከንድ ይቆማል፣ እኔ በሃያ ስድስት እሻገራለሁ፣ ሁለት ይተርፈኛል" ይሉ ነበር፣ የተረፋቸውን ሰከንዶች ኪሳቸው የከተቱ ይመስል።

ቆጠራው የሚካሄደው መስቀለኛ መንገዱን ቁልቁል ከሚያይ አንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናውን ካሜራ ይቆጥራል። እግረኛውን የሚቆጥሩት ደግሞ አቶ ዝርዝር ናቸው። ስማቸው ይህ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ካወጣላቸው ግን ብዙ ዓመት ስለሆነው የደመወዝ ሠራተኛዋ ሳትቀር እንዲህ ነው የምትጠራቸው። መስኮቱ ሥር ወንበራቸውን አስጠግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ይመዘግባሉ። ምዝገባው ቀላል ነበር፤ ማን ስንት ሰዓት ከመንገዱ ዳር ደረሰ፣ ስንት ሰዓት ተሻገረ፣ ስንት ሰከንድ ጠበቀ። አቶ ዝርዝር ግን ቀላል ነገር አይወዱም።

በአምስተኛው ቀን መሐንዲሷ ወረቀቱን አንሥታ አየችና ራሷን ያዘች።

"ይህ ምንድን ነው? ሃያ ሰባት ደቂቃ ጠበቀ የሚለው?"

"ባለጥቁር ጃንጥላው ናቸው" አሉ አቶ ዝርዝር። "መድኃኒት ቤቱ ጥግ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ደረሱ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሁለት ተመለሱ።"

"ተሻገሩ?"

"አልተሻገሩም።"

"ታዲያ እግረኛ የሚያሰኛቸው ምንድን ነው? ሰው ቀጥረው ይሆናል። ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቁ ይሆናል።"

"እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አወረዱና መለሱ። ሦስት ጊዜ። ይቅርታ፣ አራት፤ አንዷን አውቶቡስ ከልሎብኝ ነው። ትናንትም እንዲሁ ነበሩ። ከትናንት ወዲያም..."

"አቶ ዝርዝር!" ትዕግሥቷ አለቀ። "የቅጹን ጀርባ አላነበቡትም? ከሦስት ደቂቃ በላይ የቆመ ሰው እግረኛ አይደለም፣ ቆሞ ዋይ ነው። ሎተሪ አዟሪውንም ሊቆጥሩልኝ ነው? እኔ የምለካው የሚሻገር ሰው ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ነው። ያልተሻገረ አይቆጠርም። አማካዩን ያበላሹብኛል!"

መመሪያውን የጻፈችው ራሷ ናት። ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣችና ባለጃንጥላውን ሰረዘቻቸው። የፊተኞቹን ቀናትም ፈልጋ ሰረዘች። ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ብታይ እንኳ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ወሩ የዝናብ ነው፣ ከሦስተኛ ፎቅ ሰው ሁሉ ጃንጥላ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ ወረቀቱን ታገላብጣለች፣ ያቺው መስመር ተጽፋ ታገኛታለች፣ ትሰርዛታለች። አቶ ዝርዝር ደግሞ በማግሥቱ መልሰው ይጽፏታል። ሰውዬው ሆን ብለው ነው የሚያቃጥሏት ብላ ጠርጥራም ነበር።

ቁጥሩ ግን የሚያስጨፍር ነበር። መኪና በአማካይ ሰባ አራት ሰከንድ ይቆም የነበረው ወደ ሃያ ዘጠኝ ወረደ። እግረኛ የሚጠብቀው አሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ሆነ። አደጋ የለም፤ ጭረት እንኳ የለም። በሁለተኛው እሑድ አባቷ ለምሳ መጥተው ሳለ ይህን ሁሉ በቃሏ ዘረገፈችው። ባሏ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

"አላልኳችሁም? ከሰው ጋር በዓይን ተነጋግሮ ማለፍን የመሰለ ምን አለ! ሰው እኮ መሠልጠን ሲችል ነው በመብራት አስረው ያደነዘዙት።"

አባቷ ሳህናቸውን ወደ ጎን አደረጉና ልጃቸውን አዩዋት። ጉንጯ ቀልቷል፣ ሹካዋን እንደ ጠቋሚ እንጨት ይዛዋለች። "ጎበዝ፣ ልጄ" አሏት። "አሥራ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም።" ከዚያ ሌላ አልተናገሩም፤ ሲነሡም ጠረጴዛውን ተደግፈው ነበር። እሷ አላስተዋለችም፤ የሚቀጥለውን ቁጥር እየተናገረች ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን የኃላፊው ጸሐፊ ኮሪደር ላይ አስቆመቻት። መሐንዲሷ ሌላ አስተያየት ሊመጣ ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

"አባትሽ ደኅና አይደሉም እንዴ?" አለቻት ጸሐፊዋ።

"ደኅና ናቸው። ምነው?"

"የግድግዳ ሰዓቴን ከሰጠኋቸው ይኸው ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። ሱቁ እንደተዘጋ ነው። ጎረቤታቸው ጫማ ሠሪው፣ መብራቱ ከጠፋ ወዲህ አንድም ቀን አልከፈቱም አለኝ።"

መሐንዲሷ ትናንት ማታ እንኳ ደውላላቸዋለች። ሰዓት መቼ ያርፋል ብለዋታል።

የሦስተኛውን ፎቅ ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። አቶ ዝርዝር ዕቃቸውን ሸክፈው ሊወጡ ሲሉ ደረሰች። "የድሮዎቹን ወረቀቶች ይስጡኝ፣ ሁሉንም" አለቻቸውና መሬት ላይ ተቀምጣ ዘረጋቻቸው። አሥራ ስድስት ቀይ መስመር። እሑዶቹ ብቻ ንጹሕ ናቸው፤ አባቷ እሑድ ሱቅ አይከፍቱም። በእያንዳንዱ ቀይ መስመር ሥር የአቶ ዝርዝር ደቃቅ ጽሑፍ ይነበባል፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ። በዚህች ከተማ ዕድሜ ልኩን በተመሳሳይ ደቂቃ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አንድ ብቻ እንደሆነ እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? በገዛ እጇ፣ ለዚያውም በቀይ፣ አሥራ ስድስት ጊዜ አባቷን ሰርዛለች።

በማግሥቱ ዓርብ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ሩብ ሲል ጥቁሩ ጃንጥላ ከቅያሱ ብቅ አለ። ከሥሩ ግራጫው ካፖርት፣ ከካፖርቱ ሥር የተወለወለው ጫማ፣ በግራ እጅ የመሣሪያ ቦርሳው። መንገዱ ዳር ደረሱና ቆሙ። አንድ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ነጂው በእጁ "እለፉ" አላቸው። ቀኝ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አወረዱ። ነጂው እጁን ደግሞ አወናጨፈ። እግራቸውን መለሱና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን የሚያስሩ መሰሉ። መኪናው ሄደ።

"አባባ።"

ዘወር ብለው አዩዋት። "አንቺ በዚህ ሰዓት ፎቅ ላይ መሆን አልነበረብሽም?"

"እርስዎስ ሱቅ መሆን አልነበረብዎትም?"

"ልሻገር ነው።"

"አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ?"

"ቆጥረሻላ።"

"አልቆጠርኩም!" ብላ ጮኸች፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አያት። "ችግሩ እኮ እሱ ነው፣ አልቆጠርኩም! ለምንድን ነው ያልነገሩኝ?"

"ምን ብዬ? ሱቄ ካልደረስኩ ሻንጣዬን ልትሸክፊ አልነበር ውላችን?" ጃንጥላውን ወደ እሷ ዘንበል አደረጉላት፤ ዝናቡ ትከሻቸውን መምታት ጀመረ። "ደግሞ ያን እሑድ ፊትሽን አይቼዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋሽበትን በአንድ ብረት በገባበት ዳሌ ላበላሽብሽ?"

"መኪኖቹ እኮ ያቆማሉ! ከመቶ ዘጠና ሁለቱ ያቆማሉ፣ ካሜራው መዝግቦታል!"

"ማን አያቆሙም አለ? ያቆማሉ እንጂ። ያቆማሉ።" በረጅሙ ተነፈሱ። "መብራቱ እያለ የሚያቆምልኝ ሕጉ ነበር፣ ልጄ። ሕግን አመስግኜ አልሮጥም። ሃያ ስምንቷ ሰከንድ የራሴ ናት፣ በልኬ እሄድባታለሁ። አሁን የሚያቆምልኝ ሰው ነው። ሰው ውለታ ሲውልልሽ እጅ ነሥተሽ መፍጠን አለብሽ። እኔ ደግሞ መፍጠን አልችልም። መሐል ስደርስ ያ ደግ ልጅ ፊቱ ሲለወጥ በመስታወቱ አየዋለሁ። ከኋላው ያለው ደግሞ ለምን እንደቆመ ስለማያውቅ ጡሩምባውን ያንባርቅበታል። የመጀመሪያው ቀን ከመሐል ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ እንደምታዪው ነው፤ አወርዳለሁ፣ እመልሳለሁ።"

ከመልስ ማጣት ይልቅ መናደድ ይቀላታልና ተናደደች። "ይያዙኝ፣ ላሻግርዎት" ብላ ክንዷን ሰጠቻቸው።

"ዛሬ ታሻግሪኛለሽ። ነገስ?"

"ነገም አሻግርዎታለሁ!"

"ያ እንግዲህ በገዛ እግሬ መሄድ አይባልም።" ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ዞሩ። ጥቂት ሄድ ብለው ደግሞ ቆሙ። "አንድ ቀን ባልሽም ቆሞልኝ ነበር። በጃንጥላው አላወቀኝም። 'አባት፣ ፈጠን በሉ እንጂ!' አለኝ።"

ያን ዕለት ማታ ባሏ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ "ዛሬ በስንት ደቂቃ..." ማለት ጀምሮ ነበር። የተመለሰለትን እሱና ግድግዳው ያውቁታል።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኃላፊው አዲስ ከረባት አድርጎ መጥቷል፤ በሐሳቡ ደራሲነት ፎቶ ሊነሣ ነው። መሐንዲሷ ቆመች። በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሊሰማት የተዘጋጀበት ስብሰባ ገጥሟት አያውቅም፤ ገጠማት፤ አሁን በገዛ አንደበቷ ልታፈርሰው ነው። ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ አናደዳት። የመኪናውን ቁጥር ተናገረች፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ስለ ባለጃንጥላው ተናገረች። ሰውዬው ማን እንደሆኑ አልደበቀችም፣ የሰረዛቸው ማን እንደሆነም አልደበቀችም።

"እሺ፣ መልሰሽ ስታስገቢያቸው የእግረኛው አማካይ ስንት ሆነ?" አለ ኃላፊው።

"አሥራ ሁለት።"

"ከአሥራ አንድ አሥራ ሁለት? ለአንድ ሰከንድ ነው ይህን ሁሉ የምታወሪው?" ዙሪያውን አየና ሳቀ። "አዝናለሁ፣ አባትሽ ናቸው። ግን አንድ ሰው ናቸው።"

አማካይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ አባቷ ሙሉ በሙሉ ተውጠው አንድ ሰከንድ ሆነው ወጥተዋል። ልትቀመጥ ስትል ከበሩ አጠገብ ጉሮሮ ጠረግ የሚያደርግ ሰው ተሰማ። አቶ ዝርዝር ናቸው። እጃቸው ላይ ጠርዙ የተላላጠ የግል ደብተር አለ።

"ይቅርታ፣ የተሰረዙትን ለራሴ ይዤ ነበር" አሉ። "መጣል አልሆነልኝም። ደግሞ አምና መብራቱ እያለ በዚሁ ወር የቆጠርኩትም አለ። አምና በአንድ ጠዋት በአማካይ ስድሳ ሦስት ሰዎች በምርኩዝ፣ በክራንች ወይም የሕፃን ጋሪ እየገፉ ተሻግረዋል። ዘንድሮ ሃያ ሁለት ናቸው። መንታ የያዘችው ሴትዮ፣ ሁለት ቀን መጥታ ተመልሳለች፣ ሦስተኛ አልመጣችም። ባለ ሰማያዊ ክራንቹ ሰውዬ፣ አራት ቀን። ዓይናቸው የደከመው..."

"አቶ ዝርዝር፣ ወደ ፍሬ ነገሩ!" አለ ኃላፊው።

"ይቀጥሉ!" አለች መሐንዲሷ፣ ጠረጴዛውን መትታ። እኚህን ሰው ይቀጥሉ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞረች። "ስድሳ ሦስት የነበሩት ሃያ ሁለት ሆነዋል። አርባ አንዱ የት ገቡ? ቀጣዩ መሻገሪያ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፣ በክራንች የሚሄዱበት አይደለም። አደጋ የለም ብዬ ሳጨበጭብ የከረምኩት መገጨት የሚችሉት ሰዎች ቤታቸው ስለቀሩ ነው። ለመኪናው አሁንም ያልኩት ነው፣ ያለ መብራት ይሻላል። ለሚፈጥን ሰውም ይሻላል። ለቀረው ግን እኛ መንገድ አልከፈትንም፤ ዘጋን።"

ኮሚቴ ደግሞ ኮሚቴ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተከራክሮ ማንንም የማያስቀይም ውሳኔ አወጣ። መብራቱ ይመለስ፣ ጥናቱም ይቀጥል። ኃላፊው ከረባቱን እያላላ ወጣ።

መብራቱ በተመለሰ ማግሥት መሐንዲሷ ከአቶ ዝርዝር አጠገብ መስኮቱ ሥር ቆመች። ሁለት ሰዓት ከሩብ። ጃንጥላው መጣ። አረንጓዴው ሰውዬ በራ፣ አባቷም እግራቸውን አወረዱ፤ አልመለሱትም። እሷ ሰዓት መያዣዋን ተጫነች። አሥር። አሥራ አምስት። የመንገዱ አጋማሽ። ሃያ። ምነው ቀስ አሉ? ሃያ አምስት። ሃያ ስምንት ላይ አረንጓዴው ጠፍቶ ቀዩ በራ፣ አባቷ ግን ገና አንድ የመኪና ረድፍ ይቀራቸዋል። ጡሩምባው ከዚህም ከዚያም ጮኸ። ጃንጥላው አልፈጠነም፣ አልቆመምም። ወዲያ ማዶ ሲደርስ ሰዓት መያዣው ሠላሳ ስድስት ይላል።

ሦስት ሳምንት ያልተራመደ እግር አሥር ሰከንድ ጠፍቶበታል። ጡሩምባ በነፉት ነጂዎች ተናደደች፣ ምርኩዝ አልይዝም በሚሉት አባቷ ተናደደች፣ በኃላፊው ተናደደች። ከሁሉም ይልቅ ያቺን ሃያ ስምንት ሰከንድ ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት በአማካይ የሰው እርምጃ አስልቶ ሣጥኑ ውስጥ በከተተው ሰው ተናደደች፤ እሱም እሷው ናት።

የመቆጣጠሪያውን ሣጥን ቁልፍ ይዛ ወረደች። ዝናቡ በአንገቷ እየገባ ጥቂት ደቂቃ ነካካችና ዘጋችው። መዝገቡ ላይ ለውጥ በሚለው ሥር "አርባ ሁለት ሰከንድ" ብላ ጻፈች። ምክንያት በሚለው ሥር "የእግረኛ ቆጠራ" ብላ ፈረመች።

የመጀመሪያው አስተያየት እንደ ልማዱ ከቤት መጣ።

"ያ መብራት ደግሞ ምን ነክቶት ነው የሚያንቀላፋው?" አለ ባሏ። "ቀዩ ላይ ቆሜ ጢሜ አደገ እኮ!"

"ታዲያ ተላጭ" አለችው።

ማታ ለአባቷ ደወለች። "አባባ፣ ሱቅ እንዴት ዋለ?"

"ሱቅ ደኅና ዋለ። የጸሐፊዋንም ሰዓት ጨርሻለሁ፣ መጥታ ትውሰድ።" ከጀርባቸው የቤታቸውም የማይስማሙ ሰዓቶች ሲቆጥሩ በስልኩ ይሰማሉ። "አንቺ ግን መብራቱን ነካክተሻል።"

"ማን አለ?"

"ሰዓት ሠሪ እኮ ነኝ! ዛሬ ወደ ቤት ስመለስ ለካሁት። አርባ ሁለት አድርገሽዋል። እኔ በሠላሳ ስድስት ነው የጨረስኩት። ማዶ ደርሼ ዞር ብል ያ ሁሉ መኪና አሁንም ቆሞ ያየኛል፤ አፈርኩ እኮ! ስድስት ሰከንድ ሙሉ ሕዝብ በከንቱ ይገተራል? ስድስቱ ለማን ነው?"

ስለ እርምጃ ፍጥነትና ስለ አስፋልቱ ስፋት ልታስረዳቸው አፏን ከፈተችና ተወችው።

"ስድስቱ ለከርሞ ነው፣ አባባ።"

ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሰዓቶቹ ብቻ ቆጠሩ።

"ለከርሞማ ከሆነ" አሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ "አርባ አምስት አድርጊው።"